ታደሰ የሚባለው ወታደር

የአያቴን የውትድርና ማስረጃ ፍለጋ መዝገብ ቤት ሄጄ ነበር። ሠራተኛው "ሎምቤቦ የሚባል ወታደር የለም" ብሎኝ ሣጥኑን ሊዘጋው ሲል የናፍታሊን ሽታ ሸተተኝና ሆሳዕና ከተማ፣ አያቴ ጓዳ ወሰደኝ።

ጊዜው የደርግ ነበር። አያቴ በንጉሡ ዘመን ወታደር ሳሉ የተነሱትን ፎቶ፣ ቆባቸው ላይ ዘውድ ስላለበት ቀበሌ እንዳያይባቸው ከልብሳቸው ሥር ደብቀውታል። እኔ ግን ማየት እችላለሁ፤ መጀመሪያ የአባቶቻቸውን ስም ወደ ላይ እስከ ሰባት ከቆጠርኩ። ሁልጊዜ አራተኛው ላይ እሳሳታለሁ፣ እሳቸውም እንደገና ያስጀምሩኛል።

አንድ ቀን ሳልሳሳት ጨረስኩ። ፎቶውን ገልበጥ ሳደርገው ከጀርባው "ታደሰ" ይላል።

"አባባ፣ ታደሰ ማነው?"

"እኔ ነኝ። ስገባ የመዘገበኝ ጸሐፊ ስምህ ለአፌ አይመችም ብሎ አወጣልኝ።" ፎቶውን ከእጄ ተቀበሉኝ። "የራሴን ተውኩለት። የአባቶቼን ግን አልተውኩም።"

ምን ማለታቸው እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

"እስቲ ታደሰ በሚለው ፈልግልኝ" አልኩት ሠራተኛውን። ብዙም ሳይቆይ የወየበ ፋይል ይዞ መጣ። "የአባት ስም" የሚለው ቦታ ስላልበቃ ጽሑፉ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ ወርዷል።

"ይሄ ሁሉ ምንድነው?" አለና ሊያነብ ጀመረ።

"ቆይ" አልኩት። እሱ በጣቱ እየተከተለ፣ እኔ ወረቀቱን ሳላይ፣ ሰባቱንም ጠራሁለት። አራተኛው ላይ አልተሳሳትኩም።