ለኳስ የላክኋቸው ሽማግሌዎች

ልጄ የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋች ነው፤ ያውም ደሞዝተኛ! እኔ አትላንታ ውስጥ ሰው ወደ ኤርፖርት የማመላልስ ሾፌር ነኝ፤ ይህን ያልነገርኩት ተሳፋሪ የለም። "ምን ቦታ ነው የሚጫወተው?" ሲሉኝ ግን ወሬ እቀይር ነበር። እኔ ምን አውቄ! የማውቀው ምግቡን ነው። ክብደቱ ከሦስት መቶ ፓውንድ እንዳይወርድ ታዟል፤ እናቱ ጾም ይዛ ሽሮዋን ስትሠራ እሱ አጠገቧ አሥር እንቁላል ይሰብራል።

ፕሮፌሽናል በሆነ በመጀመሪያው ክረምት ሦስት የእድር ወዳጆቼን ይዤ ስታዲየም ገባሁ። አንዱ ሐጂ ናቸው፤ አንዱ የቤተክርስቲያን አገልጋይ፤ ሦስተኛው ፓርኪንግ ውስጥ የሚሠራ፣ የተጣላ ባልና ሚስት በማስታረቅ ግን ሰፈራችንን ታከርን ያዳረሰ ሰው ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ አየን። ኳሱ ግራ ሄደ፣ ቀኝ ሄደ፣ የልጄ ብብት ሥር ለማይደርስ ቀጫጫ ሁሉ ተሰጠ። ለልጄ አንዴም! እሱ ፊቱ ካለው ሰው ጋር ይላተማል፣ ይነሳል፣ እንደገና ይላተማል።

"ልጅህ ምን አድርጓቸው ነው?" አለኝ አስታራቂው።

ደሜ ፈላ። በዚያው ሳምንት ደግሞ ልጄ ደውሎ፣ አሠልጣኙ ሰኞ ትርፍ ተጫዋቾችን እንደሚያሰናብት ነገረኝ። አሃ! ኳሱን ለሌሎቹ ከሚያድለው ወርዋሪ ጋር ተጣልቷል፤ ሊያባርሩት ነው አልኩ። እሱን ብጠይቀው ኩሩ ነው፣ አይነግረኝም። ሰው ሲጣላ ምን ይደረጋል? ሽማግሌ ይላካላ!

ቤተሰብ ልምምድ እንዲያይ በተፈቀደበት ቀን ሦስቱን ቫኔ ላይ ጫንኳቸው። በዚያ የነሐሴ ሙቀት ጋቢ ለብሰዋል። አሠልጣኙ ፈገግ ብሎ ወንበር አቀረበ።

"ጉዳያችን እሺ ሳይባል አንቀመጥም" አሉ ሐጂ።

ሰውዬው ግራ ገባው። ውሃ አመጣ፤ ጃንጥላ አመጣ፤ ወገባቸውን ያመማቸው መስሎት ትራስ ያለው ወንበር አስመጣ። ወይ ፍንክች! በመጨረሻ እንዲተረጉም ልጄን አስጠራው። ቁምሳጥን የሚያህለው ልጄ ላቡ እየተንጠባጠበ መጣ።

"አባዬ፣ ምንድነው ይሄ? ፕሊስ!"

"ዝም ብለህ ተርጉም!"

አስታራቂው ጉሮሮውን ጠረገ። "ልጃችን አጥፍቶ ከሆነ እኛ ይቅርታ እንጠይቃለን። ኳሱን ግን ስጡት።"

ልጄ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። "እኔ እኮ ላይንማን ነኝ፣ የፊት መስመር ገፊ! የተወረወረ ኳስ ብይዝ ቡድኑ ይቀጣል!"

ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ!

አሠልጣኙ ሲተረጎምለት እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ከዚያ ቪዲዮ ወደሚያዩበት ክፍል ወሰደንና "ኳሱን ተዉት፤ እሱን ብቻ እዩ" አለን። ሁለት ግዙፍ ሰዎች ወርዋሪውን ሊያደቁት ይመጣሉ። ልጄ አንዱን ደረቱ ላይ ይዞ ያቆማል፣ ሌላውን በዳሌው ገፍቶ ያስወጣል። ወርዋሪው ከኋላው፣ በረንዳው ላይ እንደቆመ ሰው ተረጋግቶ ይወረውራል።

"ይህን ስንቴ ያደርጋል?" አሉ ሐጂ።

"ጨዋታው እስኪያልቅ" አለ ልጄ።

ሐጂ ወንበር ስበው ተቀመጡ። እኛም ተቀመጥን። እንዲህ ሲደበደብልን ከርሞ እኔ አፍሬበት ነበር!

እስከ ሰኞ እህል አልወርድልህ አለኝ። ልጄ አይደውልም፤ እኔም አፍሬ አልደወልኩም። በእኔ ቂልነት እንጀራው ቢቆረጥስ? ሰኞ ጠዋት አንድ ተሳፋሪ ይዤ ወደ ኤርፖርት ስሄድ ስልኩ ጮኸ።

"አባዬ፣ ቡድኑ ውስጥ ነኝ። አሠልጣኙ፣ ሽማግሌዎቹ ደህና ናቸው ወይ ብሏል።"

መሪውን እንደያዝኩ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ተሳፋሪው ደንግጦ ምን ሆንክ አለኝ። "ልጄ ፉትቦል ተጫዋች ነው!" አልኩት።

"ኦ! ምን ቦታ?"

መኪናውን ጥግ አስይዤ ፓርክ አደረግኩ። ዞር ብዬ አንድም ሳላስቀር አስረዳሁት። ሰውዬው በረራው ለጥቂት ነው ያላመለጠው።