ግማሽ ዘፈን ለሁዳዴ

ያን ዓመት ሁዳዴና ረመዷን ተደርበው ገቡ። እኛ ሰፈር ይህ ማለት ዘፈን የሚሰማበት ቤት የለም ማለት ነው። በሌላው ጊዜ እኔና ጓደኛዬ ዘዴ ነበረን። አጥር ተዋስነን ነው ያደግነው፤ እኔ የክርስቲያኑ ቤት ልጅ፣ እሷ የሙስሊሙ። በእኛ ጾም እኔ እሷ ቤት ሄጄ እሰማለሁ፣ በእነሱ ጾም ደግሞ እሷ ወደኛ ትሻገራለች። እንዲህ እየተቀባበልን ጆሯችንን አንድም ቀን ሳናስጾም ኖረናል። ያን ዓመት ግን የከተማችን የሐይቅ ባጃጆች እንኳን ግማሾቹ መዝሙር፣ ግማሾቹ መንዙማ ከፍተው ነበር የሚያልፉት። መሸሻ አጣን።

እኔ ደግሞ ፍቅር የያዘኝ ልክ በዚያ ሰሞን ነው። ከልጅ ጋር እንዳይመስላችሁ፤ ከአንድ ዘፈን ጋር።

ነገሩን ያመጣው የፊዚክስ የቤት ሥራ ነው። ስለ ንዝረት አንብባችሁ ኑ ተባልን። አክስቴ ከአረብ አገር በላከችልኝ ስልክ የክር ንዝረት እያልኩ ስፈልግ አንዲት ሴት ብቅ አለች። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች፤ ከንፈሯ ሳይቀር ጥቁር ነው። ሰው የሚያህል ማሲንቆ የመሰለ ነገር በጉልበቶቿ መሀል አቁማ በደጋን ትገዘግዘዋለች። ቼሎ ይባላል። ከኋላዋ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት፣ የተቃጠለ ፋብሪካ የሚመስል ቤት አለ። ከሥሩ «ጎቲክ ኢንዱስትሪያል ሮክ» ተብሎ ተጽፏል። ሳጣራ ለካ ስለ ሞትና ስለ ጨለማ የሚያንጎራጉር፣ ከጊታሩ ጋር የማሽን ጩኸት የሚቀላቀልበት የሮክ ዓይነት ነው። ሴትዮዋ ደግሞ እሱ አልበቃ ብሏት ሰዎች ሱፍ ለብሰው ቁጭ ብለው የሚሰሟቸውን ቼሎና ቫዮሊን ጨመረችበት።

ዘፈኑ ሲጀምር ቼሎው ብቻውን ነው። ወፍራም፣ የሚነዝር፣ ደረት ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ ድምፅ አለው። እሷ በላዩ ላይ በዝቅታ ታንጎራጉራለች። ከዚያ ሁሉም ዝም ይልና አንድ ረጅም ትንፋሽ ትስባለች፤ አየሩ ሲገባ ይሰማል። ከትንፋሿ ወዲያ ብረት በብረት ላይ ይወርዳል፤ ከበሮው፣ ጊታሩ፣ ማሽኑ፣ የእሷም ጩኸት። የመጀመሪያ ቀን ትንፋሿ ጋ ስትደርስ እኔም ትንፋሼን ያዝኩ፤ ብረቱ ሲወርድ ሳቄ አመለጠኝ። እኛ እኮ ለትካዜ እንግዳ አይደለንም፤ ከጎናችን ያለው ወረዳ በስሙ የሚጠራ ቅኝት አለው። አምባሰል እየሰማ ያደገ ጆሮ በትንሽ ሐዘን አይደነግጥም። ሐዘን ቦት ጫማ አድርጎ በር ሲረግጥ ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ለጓደኛዬ በአጥሩ ክፍተት የጆሮ ማዳመጫውን አንዱን ጫፍ አቀበልኳት። ጾሜን ልታስፈቺኝ ነው እያለች ተቀበለችኝ። ብረቱ ሲወርድ ከጆሮዋ ነቅላ በድንጋጤ አየችኝ።

«ወላሂ ይሄ የአባቴ ሱቅ ነው።»

አባቷ አስፋልቱ ዳር የብረት በር የሚበይዱ ሰው ናቸው። ሱቃቸው ውስጥ ቀኑን ሙሉ መዶሻ ይወርዳል፣ ብረት የሚቆርጠው ግራይንደር ይጮኻል። ልጅቷ በዚያ ድምፅ ነው ጥርስ ያወጣችው። ዘፈኑን ላኪልኝ አለች፤ እስከ ዒድ ላትከፍተው ማለችልኝ።

እኔ ግን እስከ ፋሲካ የመታገሥ ሐሳብ አልነበረኝም። ችግሩ እናቴ ናት። ጾሙ ሲገባ ሕጓን ተናግራለች፦ በዚህ ቤት ዘፈን ከተሰማ ስልኩ የልብስ ሳጥኗ ውስጥ ተቆልፎበት ፋሲካን እዚያው ይጠብቃል። የሳጥኑ ቁልፍ ከመስቀሏ ጋር አንገቷ ላይ ነው የሚውለው። ስልኩ ከገባ ጥቁር ለባሿም አብራ ገባች ማለት ነው። ስለዚህ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ጠብቄ፣ ድምፁን ቀንሼ፣ ጓዳ ውስጥ እሰማ ነበር።

አንድ ቀን ቅዳሴው ቶሎ አለቀ መሰለኝ፣ ቀና ስል እናቴ ነጠላዋን እንዳጣፋች መጋረጃው ጋ ቆማለች። እጄ በደመ ነፍስ ዘፈኑን አቆመው፤ ትንፋሿ ጋ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረው። ስልኬን በሐሳቤ ሳጥኑ ውስጥ አስገብቼ ለቅሶ ልቀመጥ ስል፣ እናቴ ፊቷ በራ።

«ምነው አቋረጥሽው? በገና አይደለም እንዴ?»

አልፈረድኩባትም። በሁዳዴ ከሬዲዮ የሚወጣው የክር ድምፅ በገና ነው፤ እሱም ወፍራም ነው፣ እሱም ይነዝራል። በዚህ ወር፣ ከዚህ ጓዳ፣ ሌላ ምን ሊወጣ ይችላል? ነው አላልኳትም። አይደለምም አላልኳትም። ቋንቋው አልገባኝም፣ ግእዝ ነው ወይ ብላ ስትጠይቀኝ ቋንቋው ከበድ ይላል አልኳት። እውነቴን ነው፤ እንግሊዝኛው እኔንም ይከብደኛል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ያደረገችው እናቴ ናት። ልጄ በገና ማድመጥ ጀመረች ብላ ለጎረቤት አወራች። ከቅዳሴ መልስ ሴቶቹ ጎራ ሲሉ «እስቲ አሰሚያቸው» ይመጣል። እኔ አውራ ጣቴን ስልኩ ላይ አድርጌ እቀመጣለሁ። ቼሎው ይነዝራል፣ ሴቶቹ ዓይናቸውን ጨፍነው አንገታቸውን ያወዛውዛሉ፣ ወይ ይህች ዓለም ይላሉ። ሴትዮዋ ትንፋሽ መሳብ ስትጀምር አውራ ጣቴ ይወርዳል። አንዲቷ ምነው አጠረ ብላ ቅር ስትሰኝ፣ እናቴ ልጄ ቁጥብ ናት፣ አታበዛም ብላ መለሰችልኝ። በሕይወቴ ቁጥብ ተብዬ የማውቀው ያኔ ብቻ ነው። ጓደኛዬ ይህን ስነግራት አጥሩን ይዛ ሳቀች። «አብሽሪ፣ ጣትሽ እስካልደነዘዘ ምንም አትሆኚም» አለችኝ።

ጣቴ አልደነዘዘም። ስልኩ ነው ከጣቴ ሥር የተወሰደው።

የንስሐ አባታችን ቤቱን ጸበል ሊረጩ መጡ። እሳቸው በልጅነታቸው ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የተማሩ፣ በገና ሲደረድሩ የኖሩ ሰው ናቸው። እናቴ ይህን ታውቃለች፤ ስለዚህ ከሁሉም በላይ ልትኮራብኝ የምትፈልገው እሳቸው ፊት ነው። እኔ ባትሪው አልቋል ለማለት አፌን ስከፍት ስልኩን ከእጄ ወስዳ፣ ራሷ ነክታ፣ በአባ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው። ዘፈኑ ጀመረ። አባ መጀመሪያ ስልኩን አዩ፣ ቀጥለው እኔን አዩ። ከመጀመሪያው ድምፅ እንደነቁብኝ ገባኝ።

ትንፋሿ መጣ። ከዚያ ብረቱ ወረደ።

እናቴ የጸበሉን ዕቃ ልትጥል ምንም አልቀራት። ስልኩን ልትነጥቅ ስትል አባ በመዳፋቸው ከለከሏት። እስከ መጨረሻው፣ ጩኸቱንም ማሽኑንም፣ ቅዳሴ እንደሚሰሙ ሁሉ ራሳቸውን ደፍተው ሰሙት። ሲያልቅ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው።

«ምን እያለች ነው?»

ተረጎምኩላቸው። ቤቴ አፈር ነው፣ አልጋዬ አፈር ነው፣ ያማረው ጌጤ ዛገ፣ የወደደኝ ሁሉ እስከ ጉድጓዱ አፋፍ ሸኝቶኝ ተመለሰ፤ እንዲህ ነው የምትለው። አባ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። እያለቀሱ መስሎኝ ነበር፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ነው ሳቅ መሆኑን ያወቅኩት።

«በገናስ አይደለም፤ በጣት አልተመታም፣ ተገዝግዟል። ግጥሙን ግን ከእኛ የሰረቀችው ይመስላል።»

እናቴ ቁልፉን ከአንገቷ እያወጣች ነበር። ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ ማሰማቷን ለአባ ነገረቻቸው፤ አሁን በምን ዓይኗ እንደምታያቸው ጠየቀቻቸው። አባም ረጋ ብለው፣ በገና ነው ያልሽው አንቺ ነሽ እንጂ ልጅቷ መቼ አለች አሏት። እናቴ ወደኔ ዞረች። እኔ በዚያች ሰዓት የወለሉን ምንጣፍ አበቦች በጥሞና እያጠናሁ ነበር።

ከዚያ አባ ፈረዱ።

«እስከ ትንፋሿ ያለው ቃሉም ዜማውም የጾም ነው፤ ትስማው። ከትንፋሿ ወዲያ ያለው ለፋሲካ ይቆይ።»

እንዲህ ሆኖ ዘፈኔ ለሁለት ተከፈለ። ስልኩ ሳጥን አልገባም፤ እናቴ ግን ዘበኛ ሆነች። ቼሎው በጀመረ ቁጥር ያለችበት ቦታ ሆና ታዳምጣለች፤ ትንፋሿ ሊመጣ ሲል ከውጭ «ደርሷል» የሚል ድምፅ ይመጣል። ሳታስበው ዘፈኑን በቃሏ ያዘችው። ሽንኩርት ስትከትፍ የቼሎውን ዜማ በአፍንጫዋ ስታወጣ ሰምቻታለሁ፤ ወላሂ አላልኩም እንጂ በማርያም።

የእነ ጓደኛዬ ጾም ከእኛ ቀድሞ ተፈታ። በዒዱ ቀን እንደ ወትሯችን እኔና እናቴ እንኳን አደረሳችሁ ልንል ሄድን። የጓደኛዬ እናት ለእኛ በተለየ ድስት የጾም ሽሮ ሠርተው ጠበቁን። ገና አንድ ሁለቴ እንደጎረስን ጓደኛዬ በአዲስ ቀሚሷ ብቅ አለች፤ ስልኳን ከአባቷ ትልቅ ስፒከር ጋር አገናኘች። በዓይኔ ተይ አልኳት። እሷ ግን ጾሟን የፈታች ነጻ ሴት ናት።

ቼሎው ጀመረ። እናቴ ጉርሻዋን እንደያዘች ቀረች። የአባ ፍርድ ለእኛ ቤት ነው፤ በሰው ቤት፣ በሰው በዓል፣ ዘፈኑን አጥፊው ማለት ነውር ነው። ትንፋሿ መጣ፤ እናቴ «ደርሷል» ልትል ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ብረቱ ወረደ። በዚያ ስፒከር ብርጭቆዎቹ ሁሉ አብረው ዘፈኑ።

የጓደኛዬ አባት ትራሱን ተደግፈው ሲያንቀላፉ ነበር። ብድግ አሉ።

«ሱቁን ማነው የከፈተው? ዛሬ ዒድ አይደለም እንዴ?» ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ። «ደሞ የግራይንደሩ ዲስክ አልቋል። እንዲህ ሲጮህ ዝም ብሎ የሚቆርጠው ማን ግዴለሽ ነው? ይፈነጥርበታል።»

ባለቤታቸው ያስረዷቸዋል ብለን ብንጠብቅ እሳቸውም በሳቅ ወድቀዋል። ሰውዬው አንድ እግራቸውን ጫማ ውስጥ እንዳስገቡ ወደ ስፒከሩ ተጠግተው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ሴትዮዋ ጎበዝ እንደሆነች፣ ሠራተኛ ከፈለገች ግን ዲስኩን በጊዜ የሚቀይር እንድትቀጥር ተናገሩ። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ነበር። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ወደ ቤት ስንመለስ እኛ በር ጋ ስንደርስ ቆመች። ፊቷን ወደኔ ሳታዞር ተናገረች።

«ከትንፋሿ ወዲያ ያለው…»

«እ፣ እማዬ?»

«እሱ ይሻላል። ለአባ እንዳትነግሪ።»

በሕጉ መሠረት እንግዲህ ሳጥን ውስጥ የምትገቢው አንቺ ነሽ አልኳት። በነጠላዋ ጫፍ ጀርባዬን መታችኝና፣ እየሳቀች፣ ቀድማኝ ገባች።