የክርስትናው ምሳ

ልጃችን ክርስትና የተነሣ ዕለት ድግስ የሚደግስልን ሰው አልነበረም። ወላጆቼ ቦንጋ ተወልደው ቦንጋ ያረጁ፣ ዘራቸውን ግን ከሰሜን በሹመት ከመጣ ቅድመ አያት የሚቆጥሩ ሰዎች ናቸው። ማንን እንዳገባሁ የሰሙ ቀን አባቴ ሻንጣዬን መንገድ ላይ ወረወረው፤ እናቴም እንደ ሞተ ሰው አለቀሰችልኝ። የባሌ ዘመዶች የሚኖሩት ከከተማው ማዶ፣ ጫካ ዳር ነው። ባሌ ማንጆ ነው። ለማያውቅ አንባቢ፣ ማንጆ ማለት በእኛ አገር ሌላው ሰው አብሮት የማይበላ፣ ቤቱ የማያስገባው፣ ጠላ እንኳ ቢሰጠው ደጅ አቁሞ በኮባ ቅጠል የሚያጠጣው ወገን ነው። ምን አጥፍተው ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ። እኔም ጠይቄ ያገኘሁት ስድብ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሆቴል እንብላ አልኩ። እሱ አልፈለገም፤ ቤት ሽሮ ልሥራልሽ አለኝ። እንደ እናት ያረሰኝ እሱ ነው፤ ገንፎውን ያገነፋው፣ የልጁን ጨርቅ ያጠበው። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ቁጡ ነኝ። አርባ ቀን ሙሉ ጣራ ሳይ ከርሜ ልጄ በተጠመቀበት ቀን ሽሮ አልበላም አልኩ። ደግሞስ የሥነ ዜጋ መምህር አይደለም? በየሳምንቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ዜጎች ሁሉ እኩል ናቸው እያለ የሚጽፈው እሱ አይደለም? "ለተማሪዎችህ የምትለውን አንተ ራስህ አታምነውም ማለት ነው" አልኩት። ይህቺ ቆነጠጠችውና ተነሥቶ ኮቱን ለበሰ።

ከገበያው በላይ ያለችውን ሆቴል የመረጠው እሱ ነው፤ እዚያ የሚያውቀው ሰው የለም። የሆቴሏ ባለቤት ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት ነበረች። ገና ከመቀመጣችን ልጁን ከእቅፌ ወሰደችው። ይህ በአገራችን ያለ ነው፤ አራስ ሆቴል ከገባች አንዷ ሴት ልጁን ትቀበላትና እናቲቱ እፎይ ብላ ትበላለች። "ብዪ አንቺ፣ የምታጠቢ ሰው ነሽ፣ እኔ እይዘዋለሁ" አለችኝ። አንገቱ ሥር ሳመችው፤ እግሩን ሳመችው፤ እትፍ እትፍ ብላ ከሰው ዓይን ያውጣህ አለችው። ከዚያ ከባንኮኒው ጀርባ ሆና እሹሩሩ ትለው ጀመር። እናቴ ያላደረገችልኝን ባዳ ሲያደርግልኝ እንባዬ መጣ።

ቅቅልና ቆጮ ቀረበልን። ባሌ ለበሩ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር የተቀመጠው። ትንሽ እንደበላን ሦስት ሰዎች ገቡ። አንደኛው በባሌ ዘመዶች መንደር የታወቀ ማር ነጋዴ ነው፤ የባሌ አባት ጫካ ውስጥ የሰቀሉትን ቀፎ በጉልበት እያወረደ የሚወስድ ሰው። አልፎን ሄደና ቆመ። ተመልሶ የባሌን ፊት አየ።

"አንተ፣ ማን ፈቅዶልህ ነው እዚህ የተቀመጥከው?" አለው።

ባሌ እጁን ከሳህኑ አነሣ። ሊነሣ ነበር። ከልጅነቱ የለመደው ይህንኑ ነው፤ ተነሥ ሲሉት መነሣት።

"ተቀመጥ" አልኩት እኔ።

ሰውየው ወደ ባንኮኒው ዞረ። "እትዬ፣ ይሄ ማንጆ ነው። በሳህንዎ እያበሉት ነው" አለ። የባሌን ሳህን አንሥቶ ግድግዳው ላይ ፈጠፈጠው።

እኔም የራሴን፣ ገና የሚጨሰውን ቅቅል ፊቱ ላይ ደፋሁበት። ጮኸ። በጥፊ ሲያጮለኝ ጆሮዬ ጭው አለ፤ ከነወንበሬ ወደቅሁ። ባሌን ሲቆጣ አይቼው አላውቅም ነበር። በርጩማውን አንሥቶ የሰውየው አናት ላይ ሲያሳርፈው እንጨት የተፈለጠ ነው የመሰለኝ። ሁለቱ ጓደኞች ያን ጊዜ ተረባረቡበት። ጥለው ጎኑን በጫማ ረገጡት፤ አፉን ረገጡት። አንዱ ጠርሙስ ሰብሮ ሊወጋው ሲሰነዝር ባሌ ስባሪውን በባዶ እጁ ያዘው። እኔ ጠርሙስ የሰነዘረውን ሰውዬ ክንድ ነክሼ፣ ደሙ አፌ ውስጥ ገብቶ እንኳ አልለቀቅኩትም። በአገራችን ሁለት ሰው ከተጣላ ገላጋይ ይበዛል። ያን ቀን አንድ ገላጋይ አልተነሣም። ሌሎቹ ተመጋቢዎች ሳህናቸውን ይዘው ወደ ግድግዳው ተጠጉና ያዩን ነበር።

ቀና ስል ከባንኮኒው ጀርባ ሴትዮዋ የለችም። ልጄም የለም።

ክንዱን ለቅቄ ወደ ማድ ቤት ሮጥኩ። ምድጃው ላይ ትልቅ ድስት ይንተከተካል። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ ያየሁት ድስቱን ነው። ጠጋ ብዬ ውስጡን አየሁ፤ ቅቅል ብቻ ነበር። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም፤ በጓሮ በር ወጣሁ።

ልጄ ከሰል ጆንያ ላይ ተጋድሟል። በሕይወት አለ፤ እጆቹን እያወናጨፈ ያለቅሳል፤ ጉንጩም ግንባሩም ጥላሸት ለብሷል። ያንን ከሰል ከጫካ ተሸክመው የሚያመጡላት የባሌ ወገኖች ናቸው። ሴትዮዋ አጠገቡ ባልዲ ላይ አጎንብሳ እጇን እስከ ክርኗ በሳሙና ትፈትጋለች። እጇን ስትጨርስ ከንፈሯን መፈተግ ጀመረች።

ልጄን አነሣሁት። ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?" አለችኝ። "ስሜዋለሁ እኮ።"

የበደልኳት እኔ ነበርኩ የሚመስለው። ጭንቅላቷን ባልዲው ውስጥ ደፍቄ ትንፋሿ እስኪቆም መያዝ አማረኝ። ልጁ እጄ ላይ ባይሆን አደርገው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ያን ጊዜ ባሌ፣ ሰዎቹ የተመታውን ጓደኛቸውን ሲያነሡ አምልጦ፣ በማድ ቤቱ በር እያነከሰ ወጣ። አፉ ተተርትሯል፤ ከእጁ ደም ይንጠባጠባል። ልጁን አየ፤ ሴትዮዋን አየ። ከዚያ ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣና "እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ" አላት።

በጓሮ አጥር ወጥተን ቁልቁለቱን ያዝን። ብዙ ከሄድን በኋላ መንገድ መሃል አቆምኩት። የሰው ደም ጣዕም ከአፌ ሳይለቅ ሰደብኩት፤ ፈሪ አልኩት፤ ባሪያ አልኩት፤ ልጄ ፊት ያንን እግዜር ይስጥልኝህን ዳግመኛ ካወጣህ እገድልሃለሁ አልኩት። "ምን አደረገችልህና ነው የምታመሰግናት?"

"አልጣለችውም" አለኝ።

ልጁን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት።

"እጇ ላይ እያለ ነው ማንነቱን የሰማችው። ሲረግጡኝ እሷን ብቻ ነበር የማየው። ትለቀዋለች ብዬ ነበር። ተሸክማ ወጥታ አስቀመጠችው።"

የሥነ ዜጋ ትምህርቱን አንሥቼ ቤት ሳለን አታምነውም ያልኩት ትዝ አለኝ። ልጁን ከእቅፌ ወስዶ ደረቱ ላይ አስጠጋው፤ ግንባሩ ላይ የቀረውንም ከሰል በአውራ ጣቱ ይጠርግለት ጀመር። ጣቱ አሁንም እየደማ መሆኑን ያስተዋልነው የልጁ ግንባር ከቀላ በኋላ ነው።