የጂብሪል በቅሎና ገብረ ጉንዳኑ

ጂብሪል ቁጣው አፍንጫው ላይ ነበር። አዳማ ከሰል ሲያራግፍ ከሾፌር ይደባደባል፣ ደራ ገበያ ከደላላ ይቧቀሳል፤ የሚጣላው ሰው ሲያጣ ደግሞ ከዛፍ ጋር ይጣላል። በልጅነቱ ከወሎ መጥቶ፣ ከላንጋኖ ሐይቅ በላይ ጫካ ዳር የተወለደችውን ኢፍቱን አገባና እዚያው ከሰል አክሳይ ሆኖ ቀረ። መጥረቢያው ሲያርፍ ያየ ሰው የለም።

ሐቁን ለመናገር ጫካውን እሱ ብቻ አልጨረሰውም። ሜዳ ሜዳውን የመንግሥት እርሻ ወሰደው፤ በሰባ ስምንት መንደር ምሥረታ ሲመጣ ቀጥ ያለው ዛፍ ሁሉ ምሰሶና ማገር ሆነ። የተረፈውን ጂብሪል አከሰለው። በመጨረሻ እዚህም እዚያም ቁራጭ ቁራጭ ዱር ብቻ ቀረ፤ በመካከሉ ያለው ፀሐይ የጠበሰው መሬት ነው።

ገብረ ጉንዳን ድሮም ነበረ። ሰፊውን ጫካ ሲዞር ስለሚከርም ሰው ቤት የሚደርሰው ከስንት አንዴ ነበር። ሲመጣ ሰዉ ከብቱን ፈትቶ፣ ልጁን ታቅፎ ቤቱን ይለቅለታል፤ እሱም ትኋኑን፣ ቁንጫውንና አይጡን ጠራርጎ በልቶ መንገዱን ይቀጥላል። ማንም አይነካውም። አሁን ግን ከጂብሪል ጓሮ ባለችው ቁራጭ ዱር ውስጥ ታጎረ። እያደነ የሚበላቸው ሌሎቹ ጉንዳኖች፣ በቅርፊት ሥር የሚኖሩት ጥቃቅኖቹም፣ በረገፈ ቅጠል ውስጥ የሚርመሰመሱት ጥቋቁሮቹም፣ ተራ በተራ አለቁ። ወደ ሌላው ዱር እንዳይሻገር የጋለው መሬት ይፈጀዋል። እዚያው ተራበ።

ዝናብ በዘገየበት በዚያ ክረምት የገበሬ ማኅበሩ ታጣቂዎች ለጦር ግንባር ስንቅ ማጓጓዣ ብለው በቅሎ መሰብሰብ ጀመሩ። ጂብሪል ያለችው አንዲት ዳማ በቅሎ ናት፤ ከሰሉን ወደ አስፋልት የምታወርደው፣ ቤቱን የምታበላው እሷ ናት። እየተሳደበ ጎትቶ ጎጆው ውስጥ አስገባትና ከምሰሶው ጋር በሰንሰለት ቆለፋት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደመናው ዝቅ ብሎ አካፋ። መሬቱ ሲቀዘቅዝለት ገብረ ጉንዳኑ ወጣ፤ በቀጥታ ወደ ጎጆው።

ኢፍቱ ሕፃኗን አዝላ እየሮጠች መጣች። «ማሎ ጂብሪል፣ እባክህ ፍታት! ቤቱን እንልቀቅለት፤ በልቶ ይሄዳል!»

«ፈትቼ ለታጣቂ ላስረክባት? ለጉንዳን ብዬ?»

«የኛ ሰው ከሱ ጋር አይጣላም።»

«እኔ እጣላለሁ!»

በጎጆው ዙሪያ ጭድ በትኖ ላምባ አርከፈከፈበትና ለኮሰው። ውጭ ያለው ጉንዳን ተንጣጣ። ጂብሪል ሳቀ። ለካ ግማሹ ቀድሞ ገብቶ ኖሯል፤ መውጫ ሲያጣ በበቅሎዋ እግር፣ በሆዷ፣ በአፍንጫዋ ቀዳዳ ወጣባት። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኸው ነው። ጩኸቷ የበቅሎ ጩኸት አይመስልም ነበር።

እሳቱን ዘሎ ገባ። ቁልፉን ይዞ ወደ አንገቷ ሲጠጋ ረገጠችው፤ የጎኑ አጥንት ሲሰበር ተሰማው። ተነስቶ ቀረባት፤ ክንዱን ነክሳ ቦጨቀችው። ዓይኖቿ በጉንዳን ተሸፍነው አይታዩም። ጉንዳኑ እሱንም በአንገቱ እየገባ ይዘለዝለው ነበር፤ እሱ ግን የሚሰማው የእሷ ሥቃይ ብቻ ነበር። ያኔ መጥረቢያውን አነሳ። አንድ ምት አልበቃትም። እያለቀሰ ደገማት።

ጭሱን አይተው ታጣቂዎቹ ሲመጡ ጂብሪል ከጎጆው ተንፏቆ ወጥቶ ነበር። አለቃቸው ንዋይ የበቅሎዋን ሬሳ ሲያይ ጂብሪልን በሰደፍ አፉን አለው።

«አንተ ደንቆሮ! በቅሎ የሚደብቅ ሰው ጫካ ይሰዳል እንጂ ቤት ቆልፎ ያቃጥላል?»

ጂብሪል ደሙን ተፋና ራቁቱን የቀረውን ቁልቁለት ተመለከተ።

«ጫካውንማ እኔው ጨረስኩት» አለ።

ንዋይ የቀለደበት መስሎት ደግሞ መታው።