አራት እግር ያለው ዳንቴል

ጫንያለው በኮምፒውተር ኳስ ጨዋታ ቀነአን አሸንፎ አያውቅም። መምራት ግን ብዙ ጊዜ መርቷል። ችግሩ፣ ከእረፍት መልስ ላፕቶፑ እንደ ካውያ ይግልና ድርግም ብሎ ይጠፋል። ቀነአ ደግሞ ሕግ አለው፦ ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ያልነፋበት ጨዋታ አይቆጠርም።

«ጃሌ ኮ፣ ጓዴ፣» ይለዋል ከወንበሩ እየተነሳ፣ «መምራትማ የገበያ አህያም ትመራለች።»

ሁለቱም ነቀምቴ አንድ ትምህርት ቤት ያስተምራሉ። ጫንያለው የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ከፍኖተ ሰላም ተመድቦ መጥቶ ጨለለቂ ሰፈር ውስጥ የአዴ ዘርፈሽን ሰርቪስ ቤት ተከራይቷል። ቀነአ የከተማው ልጅ ነው፤ በቅርቡ ግን ወደ አርጆ እንደሚዛወር ተነግሮታል። ስለዚህ ለጫንያለው ጊዜው አጭር ነው።

ነገሩን ከሥሩ ጀመረ። ላፕቶፕ ጨዋታ ሲጫወቱበት ከወትሮው በላይ ስለሚሠራ ይግላል። ውስጡ ያለው ማራገቢያ ቀዝቃዛ አየር ከታች ይስብና ሙቁን በጎን ያስወጣል። ሙቀቱ መውጫ ካጣ ማሽኑ እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል። ተንኮል አይደለም፣ ጥንቃቄ ነው። ጫንያለው መጀመሪያ መስኮት ከፈተ። ክረምት ስለነበር እሱና ቀነአ ጃኬት ለብሰው ተጫወቱ፤ ላፕቶፑ ግን እንደጋለ ጠፋ። ያኔ ላፕቶፑን አንስቶ ከሥሩ ያለውን አየ።

ከሥሩ ያለው ዳንቴል ነበር።

በአዴ ዘርፈሽ ግቢ ዳንቴል የማይለብስ ዕቃ የለም። ቴሌቪዥኑ፣ ራዲዮው፣ የውሃው ጀሪካን ሳይቀር ለብሷል። የተከራዩም ጠረጴዛ በእጃቸው የሠሩት ወፍራም ነጭ ዳንቴል አለው። ማራገቢያው እዚያ ላይ ተደፍቶ ጥጥ ሲስብ ከርሟል። ማንሳቱ ቀላል ነበር። ነገር ግን ዳንቴል ያነሳው የቀድሞ ተከራይ እስከ ዛሬ ስሙ ሲነሳ «ያ ባለጌ» ይባላል።

ስለዚህ በላፕቶፑ አራቱ ማዕዘኖች ሥር ቆርኪ አደረገ። ትንሽ ረዳ። በማግስቱ ከሥራ ሲመለስ ግን አዴ ዘርፈሽ ቆርኪዎቹን ጠርገው ጥለው፣ አቧራ እንዳይነካው ላፕቶፑን ከላይም አልብሰውት አገኘ።

ከማስረዳት ሌላ መንገድ አልቀረም። ማሽኑን አስነስቶ እጃቸውን ወደ ጎኑ አስጠጋ።

«ይተነፍሳል እንዴ፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ?»

«አዎ፣ አዴ። በሆዱ ይስባል፣ በጎኑ ያስወጣል።»

«ታዲያ በአፍንጫው ደፍተኸው ነው የከረምከው?»

የዳንቴሉን ነገር ሁለቱም አላነሱም።

አዴ ዘርፈሽ ሰፋፊ ቀዳዳ ያለው አዲስ ዳንቴል ሠሩ። በስኳር ውሃ ነክረው አራት የተደፉ ሲኒዎች ላይ ዘረጉት። ስኳሩ ሲደርቅ ክሩ እንደ እንጨት ይጠነክራል፤ ሲኒዎቹ ሲወጡ አራት ባዶ ጉብታዎች እንደ እግር ይቀራሉ፣ አየርም በመካከላቸው ያልፋል። ጫንያለው መዝገበ ቃላት ጭኖ ሞከረው። ተሸከመ። ጫንያለው ሌላ መዝገበ ቃላት ፍለጋ ሄደ።

ቅዳሜ ቀነአ መጣ። ጫንያለው ሁለት ለአንድ እየመራ ጨዋታው ላፕቶፑ ይጠፋበት የነበረውን ደቂቃ አለፈ። ሙቁ አየር ግን የሚወጣው በቀኝ ነው፤ ስኳር ደግሞ ሙቀት አይችልም። የቀኙ የኋላ እግር ለሰለሰ፣ ላፕቶፑ ቀስ ብሎ አዘነበለ፣ የአየሩ መውጫ ዳንቴሉ ላይ ተኛ። ድርግም።

በጠረጴዛው እግር ላይ አንድ ረድፍ ጉንዳን እየወጣ ነበር።

«ደጋፊዎችህ መጡ» አለ ቀነአ።

አሁን ቀነአ አርጆ ገብቷል። ትናንት ደውሎ «እዚህ ብርድ ነው፤ ማሽንህን ይዘህ ና፣ ሰበብ አይኖርህም» አለው። ጫንያለው ሊሄድ ቆርጧል። አዴ ዘርፈሽም «ሰው ቤት ባዶ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ ልታሰድበኝ ነው?» ብለዋል። ስለዚህ እሱና አዴ ዘርፈሽ ስኳሩን ትተው ሙቀት በማያለሰልሰው የሩዝ ውሃ እየሞከሩ ነው። ዳንቴሉ ሲኒዎቹ ላይ ተዘርግቷል፤ ዝናቡ አላባራም። ጫንያለው በየመሀሉ የቀኙን የኋላ እግር በጣቱ ነካ ያደርጋል። ገና እርጥብ ነው።