ያልተረጎምኩት የአባቴ መልስ

እንግሊዝኛ የተማርኩት ጎንደር፣ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ፣ ጣልያን ትቶት በሄደ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። ጣልያን ከወጣ አሥር ዓመት አልፎ ነበር። እኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ለነርስ ረዳትነት እሠለጥናለሁ። ጠዋት ዎርድ ገብተን ቁስል እናጥባለን፤ ከሰዓት በኋላ አንድ ህንዳዊ መምህር ሰዋስው ያስተምረናል።

ያን ሰሞን የያዝነው ጥንድ ሆነው የሚሄዱ ቃላትን ነበር። መምህሩ ሰሌዳው ላይ «አይዘር» ብሎ ይጽፍና ራቅ አድርጎ «ኦር» ይጨምራል፤ ወይ ይህ፣ ወይ ያ። ከሥሩ «ናይዘር» እና «ኖር»፤ ይህም አይደለም፣ ያም አይደለም። ቀጥሎ «ኖት ኦንሊ» እና «በት ኦልሶ»፤ ይህ ብቻ ሳይሆን ያም ጭምር። ከሁሉ አጥብቆ የሚያስጠነቅቀን አንድ ነገር ነበር፤ ከመጀመሪያው ቃል በኋላ ስም ከመጣ ከሁለተኛውም በኋላ ስም ይምጣ፣ ግስ ከሆነም ግስ። ሁለቱን ወገን ያላስተካከለ ተማሪ ደብተሩ በቀይ ይሰረዝበታል። የእኔ አይሰረዝም ነበር። በአማርኛም «ወይ» ሁለቴ ይባላል፣ «ም» ሁለቴ ይከተላል፤ ቶሎ ገባኝ። ከክፍሉ የተሻልኩ በመሆኔም ፈረንጁ ዶክተር በሽተኛ ሲያነጋግር እንዳስተረጉም ይጠራኝ ጀመር። የእሱ አማርኛ ከሰላምታ አያልፍም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዎች በቃሬዛ በሽተኛ ይዘው ገቡ። አባቴ ነበሩ። ከኮላ ድባ ወዲያ ካለው መንደራችን እስከ አዘዞ በሸክም፣ ከአዘዞ ወዲህ በጭነት ማኪና ነው ያመጧቸው። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ታላቅ ወንድሜ ነው። ሞፈር ሲጠርቡ መጥረቢያው አምልጦ ቅልጥማቸውን እንደመታቸው፣ ሦስት ሳምንት እንደሆነው፣ ጠበልም ወስደዋቸው እንደነበር የነገረኝ እሱ ነው። ጨርቁን ፈታሁት። ከቅልጥማቸው በታች ጠቁሯል። ሽታውን ከሌሎች በሽተኞች ለምጄዋለሁ፤ አዲስ የሆነብኝ የአባቴ እግር መሆኑ ብቻ ነው።

«ሸጋ ለብሰሻል» አሉኝ፣ ነጩን ጋዎን አይተው።

ዶክተሩ እግሩን አየና እጁን ታጠበ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ቀስ ብሎ ተናገረ። «አይዘር» ከፊት፣ «ኦር» ከመሀል፣ በሁለቱም ወገን ሙሉ ዓረፍተ ነገር። በዚያች ደቂቃ ያስተዋልኩት ይህንኑ ነው።

«ምን ይላል?» አሉ አባቴ።

«ወይ እግርዎ ዛሬ ይቆረጣል፣ ወይ በዚህ ሳምንት ይሞታሉ።»

«ሁለታችንም አብረን አንተርፍም? እኔም፣ እግሬም?»

ጠየቅኩላቸው። ዶክተሩ አይሆንም ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

«ምነው አባባ፣ ይቆረጥ ይበሉ እንጂ!» አለ ወንድሜ።

«አንድ እግር የቀረው ሰው» አሉ አባቴ፣ «አራሽም አይደለ፣ ሙትም አይደለ። ምን ልሆን ነው?»

ዶክተሩ ምን እንዳሉ ጠየቀኝ። ዓረፍተ ነገሩ በእንግሊዝኛ ተሰናድቶ አፌ ላይ ነበር። «ናይዘር»፣ «ኖር»፤ ስም ከስም ጋር። አንድ ስህተት አልነበረበትም።

«የስ» አልኩት። «የስ ብለዋል።»

ወረቀት መጣ። አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክቼ ወረቀቱ ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ። እጃቸውን አልሳቡም፤ አልገፉበትምም። ሲቆረጥ እኔ አጠገቡ ባለው ክፍል መሣሪያ የመቀቀል ተራዬ ላይ ነበርኩ። የመጋዙ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። መቀሶቹን በየመጠናቸው ደረደርኩ። ዕንባ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልመጣም።

ከሰዓት በኋላ ክፍል ገባሁ። መምህሩ የ«ናይዘር–ኖር» ምሳሌ ሲጠይቅ ተነሣሁና፣ አባቴ አራሽም ሙትም አይደሉም የሚለውን በእንግሊዝኛ አልኩት።

«ሰዋስዉ ትክክል ነው» አለ መምህሩ፣ «ትርጉሙ ግን እንግዳ ነው። ሌላ ስጪኝ።»

እስክሪብቶም ቀለምም የለኝም አልኩት።

«ቬሪ ጉድ» ብሎ አስቀመጠኝ።

አባቴ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ኖሩ። መሬቱን ወንድሜ አረሰው። እሳቸው በምርኩዝ እየሄዱ ኮላ ድባ ገበያ ዳር፣ ከአንድ ዋርካ ሥር መዋል ጀመሩ። ከዚያ ስለማይጠፉ የተጣላ ሁሉ ለሽምግልና ይፈልጋቸዋል፤ ትንሹም ትልቁም «አያ» ይላቸዋል።

አንድ ፋሲካ ልጠይቃቸው ሄጄ እዚያው አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሳላስበው ነገርኳቸው። «ያን ቀን ያሉትን አልተረጎምኩም። እሺ ብለዋል ነው ያልኩት።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ተኝቼ ሳለሁ፣ ያን ቀን ለዶክተሩ እንዳልሽው፣ የስ የስ ስትባባሉ እየሰማሁ፣ ምን ማለት እንደሆነ ከጎኔ የተኛውን ጠየቅኩት።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»

«ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ምን ልበልሽ?»

«ይቆጡኛል?»

«አንዳንድ ቀን» አሉ፣ እንዲሁ በደህና ድምፅ።

ይህን ስሰማ የሚከብደኝ ወይም የሚቀለኝ ይመስለኝ ነበር። ደረቴ ውስጥ ምንም አልተንቀሳቀሰም። የበለጠ ልጠይቃቸው ስል፣ በድንበር የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች መጥተው ፊታቸው ቆሙ። አባቴ ምርኩዛቸውን ወደ ጎን አድርገው «ተቀመጡ» አሏቸው። ታላቅየው መናገር ጀመረ፤ ረጅም ነገር ነበር፣ ከአያታቸው ዘመን የተነሣ። የጎንደሩ ማኪና ጥሩምባ ሲነፋ ገና ታናሽየው ተራ አልደረሰውም ነበር። የአባቴን ጉልበት ስሜ ሄድኩ።