ኡስታዙ የታመመበት ሦስት ሳምንት

ልጅ እያለሁ የጻፍኩት አንድ ደብተር አለኝ። ሽፋኑ ላይ የነበረው የግመል ሥዕል ተፋፍቆ ሻኛው ብቻ ቀርቷል። ጠርዙን ምስጥ ቀምሶታል፤ ሲገለጥ ግን ዛሬም የሰሊጥ ዘይት ይሸታል። መሃሉ ላይ ምንም ያልተጻፈባቸው ዘጠኝ ቅጠሎች አሉ። ስለ እነዚያ ቅጠሎች እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ተወልጄ ያደግሁት ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ ነው። አባቴና እናቴ ከጎንደር ቆላ ተነሥተው በመተማ በኩል የተሰደዱት እኔ ሳልወለድ ነበር። ቤታችን ከሰሊጥ መጭመቂያው ጀርባ ነው። ዓይኑ የተሸፈነ ግመል ቀኑን ሙሉ እየዞረ የመጭመቂያውን ግንድ ያንቋቋዋል፤ ዘይቱም ጠብ ጠብ ይላል። እኛ ልጆች ከበሩ ላይ ተኮልኩለን ኡምባዝ እንለምናለን። ኡምባዝ ማለት በእኛ ፋጉሎ የሚባለው፣ ዘይቱ ወጥቶ የሚቀረው የሰሊጥ ድቃቂ ነው። ትኩሱን ፋጉሎ ከቴምር ጋር አንድ ላይ ማኘክ የደረሰበት ብቻ ያውቀዋል። የእኔ ዘመን የገዳሪፍ ልጆች ይህን ስታነቡ ምራቃችሁን እንደምትውጡ አልጠራጠርም።

አባቴን ሰፈርተኛው አያ ደሴ ይለው ነበር። ክረምት አረም ያርማል፣ ጥቅምት ሲገባ ሰሊጥ ያጭዳል፣ በቀረው ጊዜ ከተማ ውስጥ ጆንያ ይሸከማል። በልጅነቱ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ስለነበር አማርኛ ያነባል። አረብኛ ግን ይናገራል እንጂ አያነብም፤ ይህም ያንገበግበው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ እርሻ ላይ ከትራክተር ኋላ ሲሄድ ስለኖረ ድምፁን ሰምቶ ብቻ የቱ ጋ እንደተበላሸ ይናገራል። ምኞቱ አንድ ነበር፤ የትራክተር ሹፌር መሆን። ለሹፌርነት የሚያሠለጥኑት ደግሞ ከማሽኑ ጋር የሚመጣውን የአረብኛ መጽሐፍ ማንበብ የሚችል ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ እኔ አንደኛ ክፍል ስገባ እሱም አብሮኝ ገባ ማለት ይቻላል።

ከሰዓት በኋላ እኔ ከትምህርት ቤት፣ እሱም ከጆንያው ስንመለስ፣ ግቢያችን ውስጥ ካለችው የኒም ዛፍ ሥር እንቀመጣለን። የቀኑን ትምህርት አንድ በአንድ አስተምረዋለሁ። የተሰነጣጠቀ ጣቱን ከፊደሉ ሥር እያስኬደ፣ ላብ እስኪያጠምቀው ያነባል። ሰው ልጅህ ስንተኛ ክፍል ደረሰች ብሎ ሲጠይቀው "አራተኛ ነን" ይላል። ጎረቤቶቻችን በዚህ አይለቁትም ነበር። "አያ ደሴ፣ ዘንድሮስ ስንተኛ ወጣህ?" ይሉታል። እሱም ኮስተር ብሎ "ልጄ አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ" ብሎ ይመልስላቸዋል።

ችግሩ የአጨዳ ወራት ነበር። ሰሊጥ ፍሬው ሳይከፈት ካልታጨደ መሬት ላይ ይፈሳልና ማንንም አይጠብቅም። አባቴ ጥቅምት ላይ ሄዶ የሚመለሰው ከሦስት ወር በኋላ ነው። ሊሄድ ሲል አንድ አዲስ ደብተር ይገዛልኛል። እሱ በሌለበት የተማርኩትን ሁሉ በዚያ ደብተር ላይ ገልብጬ እጠብቀዋለሁ፤ ሲመለስ ያመለጠውን ከዚያ ላይ ያጠናል። የእኔና የእሱ ውል ይህ ነበር፤ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላጓደልኩበትም።

አራተኛ ክፍል ላይ አጓደልኩ። ያን ሰሞን የሰፈራችን ሴቶች ልጆች ከመጭመቂያው ግድግዳ ሥር ሰኞ ማክሰኞ መጫወት ጀምረው ነበር። እነሱ ውጭ እየተንጫጩ እኔ ቤት ውስጥ አንዱን ትምህርት ሁለት ጊዜ እጽፋለሁ። ሁሉንም ትምህርት የሚያስተምረን ኡስታዛችን፣ መምህራችን ማለት ነው፣ ክፍልፋይ የጀመረልንም ያኔ ነው። ቁጥር ከቁጥር ላይ ይጭናል፣ መሃላቸው መስመር ያሰምራል፤ ለራሴም በቅጡ አልገባኝም። አንድ ቀን ዘለልኩ፣ ነገ እጽፈዋለሁ አልኩ። ነገም ሰኞ ማክሰኞ ነበር። እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስት ሳምንት ሞላ። አባቴ ሊመጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ኡስታዙ በወባ ታሞ ሦስት ሳምንት አልተማርንም። ክረምቱ እንደወጣ ገዳሪፍ ላይ ወባ ያልያዘው ሰው ስለማይገኝ ውሸቴ የሚታመን ነበር።

አባቴም አመነኝ። ማመን ብቻ ሳይሆን አዘነ። "በሳምንት ሦስት ቅጠል ነበር የምትጽፊልኝ" አለና ዘጠኝ ቅጠል ቆጥሮ ዘለለ። "ይችን ለኡስታዙ እንተዋት። ሲበረታ ያመለጣችሁን መልሶ ያስተምራችኋል፣ ያን ጊዜ ትሞይልኛለሽ።" አዲሱን ትምህርት ከአሥረኛው ቅጠል ጀመርን። በማግስቱ ከእርሻ ያመጣውን ነጭ ሰሊጥ በጨርቅ ቋጥሮ፣ ለኡስታዙ አቅም ይሆነዋል ስጪው ብሎ ላከኝ። ከሴቶቹ ልጆች ጋር ግድግዳው ሥር ተቀምጠን ጨረስነው። እውነቱን ልናገር፣ ጣፍጦን ነበር።

በዚያው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል አባቴ የሚያጭድለት ባለ እርሻ አዳዲስ ትራክተሮች አስመጣ። ለሹፌርነት የሚሠለጥኑ ሰዎች በፈተና ሊመረጡ ነው ተባለ፤ የአባቴም ስም ገባ። እናቴ ከጎረቤት ነጭ ጀለቢያ ተዋሰችለት። ጠዋት ከበር ሲወጣ ዞር ብሎ "ዛሬ የምንፈተነው ሁለታችንም ነን" አለኝ። የዚያን ዕለት ያህል ቀጥ ብሎ ሲራመድ አይቼው አላውቅም።

ቀትር ላይ ተመለሰ። ጀለቢያውን አውልቆ በጥንቃቄ አጣጠፈው፤ ከዚያ ኒሟ ሥር ጠራኝ። መጽሐፉን አንብብ ሲሉት ሳይደነቃቀፍ አንብቦላቸዋል፤ የፈተነው መሐንዲስ ራሱ ተገርሞበታል። ቀጥሎ የሰጡት ወረቀት ላይ የሞተር ዘይቱ ልክ ተጽፏል። አባቴ በጣቱ አፈሩ ላይ ሦስትን ጻፈ፣ ከሥሩ መስመር አሰመረ፣ ከመስመሩ ሥር አራትን ጻፈ። "ይኼ ምን ማለት ነው? እኔ መቀነስ መስሎኝ አንድ አልኳቸው። ሳቁብኝ።"

ሦስት አራተኛ ነው። ክፍልፋዩን ዘግይቼም ቢሆን ተረድቼው ነበርና በደንብ አውቀዋለሁ።

"አልተማርነውም" አልኩት።

አባቴ በረጅሙ ተነፈሰ። "ተመስገን። እኔ እኮ አስተምረሽኝ የዘነጋሁት መስሎኝ፣ መንገዱን ሁሉ ራሴን ስረግም ነው የመጣሁት።" ከዚያ ራሴን ዳበሰኝ። ያ እጅ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ትራክተሩን ለሌላ ሰው ሰጡት። ኒሟ ሥር የምንቀመጥበት ቀን እያደር እየሳሳ ሄደና በመጨረሻ ጭራሽ ቀረ። "እንግዲህ አንቺ ቀጥይበት" አለኝ።

ቀጠልኩበት። መምህርነት ተማርኩ፤ ዛሬ እዚያው ገዳሪፍ ክፍለ ሀገር ባለው በቱነይድባ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ፣ በሸራ በተጋረደ ክፍል ውስጥ ሒሳብና አረብኛ አስተምራለሁ። ሥልጠና በተባለ ቁጥር አልቀርም ነበር። ሠልጥነን ስንጨርስ ወረቀት ይሰጡናል፣ ፎቶ እንነሣለን፣ ወደዚያው ክፍል እንመለሳለን። አሥራ አንድ ወረቀት አለኝ፤ አሥራ አንዱም በማዕረግ አንዲት ጋት ከፍ አላደረገኝም፤ የስደተኛ ልጅ ነኛ። የሱዳን ጦርነት ከመጣ ወዲህ ደግሞ ሥልጠናውም ቀርቷል፤ ከካርቱም የሸሹ መሐንዲሶች ገዳሪፍ ገበያ ላይ ሻይ ሲያፈሉ አያለሁ።

አባቴ ከሁለት ዓመት በፊት አረፈ። እስከ መጨረሻው ማጭድ ከእጁ አልወጣም። ለቅሶው ላይ አብሮት ሲያጭድ የኖረ አያ ሙላት የሚባል ሰው ይህን ደብተር ይዞልኝ መጣ። አባቴ ለካ በየዓመቱ በጓዙ ውስጥ ይዞት ይሄድ ኖሯል።

"ምሳ ላይ ሰብስቦ ፊደሉንም ቁጥሩንም ያስጠናን ነበር" አለኝ አያ ሙላት። "እዚህች ባዶዋ ላይ ስንደርስ ግን፣ እዚህ ጋ ኡስታዙ ታሞ ነበር ይልና ያልፋታል። እኛም እንስቅበታለን፤ ይኼ ኡስታዝ ዛሬም አልተሻለውም ወይ እንለዋለን።" እንባውን በነጠላው ጠረገ። እኔም አለቀስኩ፤ እሱ ለአባቴ ብቻ የማለቅስ መሰለው።

ከዚያ ወዲህ ራሴን የማጽናናበት አንድ ሐሳብ አለኝ። ያን ክፍልፋይ ቢያውቀውም እኮ ለስደተኛ መንጃ ፈቃድ አይሰጡትም ነበር እላለሁ። ሌላ ሰበብ ይፈልጉለት ነበር፤ የኔን አሥራ አንድ ወረቀት ማየት ይበቃል። ሐሳቡ እውነት ሳይሆን አይቀርም። ግን መማር እንዲህ ከንቱ ከሆነ ልጆቹ ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ? ተማሩ፣ ይጠቅማችኋል ባልኳቸው ቁጥር፣ አባቴን ማጭድ ላይ ያስቀረሁት እኔ ነኝ ማለቴ ነው። ያኔ ግቢያችን ውስጥ ለመማር የሚቃጠል አንድ ጎልማሳ ነበር፣ የምታስተምረው ጠፋች። ዛሬ አስተማሪዋ አለች፤ ትምህርቱ የት እንደሚያደርስ ግን እኔም አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ወባ ይዞኝ ነበር። እየተንቀጠቀጥኩ ክፍል ገባሁ። ገሚሱ ተማሪ ሰሊጥ አጨዳ ሄዷል፤ የቀሩት ሰባት ናቸው። የዕለቱ ትምህርት ክፍልፋይ ነበር። ሦስትን ጽፌ መስመሩን ሳሰምር ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ፊት የምትቀመጠው ሰላም አንሥታ ሰጠችኝና ትኩሳቴ እጇን ሲነካት ደነገጠች።

"ኡስታዛ፣ አሞዎታል እኮ። ይሂዱና ይተኙ።"

"አላመመኝም" አልኳት። "ጻፉ።"